ከመርፌው በፊት የሚመጣው ቀን፦ ስለ ቦቶክስና ስለ ፊለር

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ አማርኛ ተናጋሪ ወገኖች አንድ የቆዳ ሐኪም ካደረጉት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ አንዲት እናት ወደ ምርመራ ክፍሌ መጡ። አንገታቸው ላይ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቆየ ንቅሳት አለ። የመጡት ግን ስለ ንቅሳቱ ሳይሆን በቅንድቦቻቸው መካከል ስለጠለቁት ሁለት መስመሮች ሊያማክሩኝ ነበር። «ያየኝ ሁሉ ምን ሆነሻል፣ ማን አስከፋሽ ይለኛል፤ እኔ ግን አልተከፋሁም» አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን በእጃቸው ነካ አድርገው «ይህን ሲነቅሱኝ ልጅ ነበርኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ይህኛውን ግን ራሴ ነኝ የምወስነው» አሉ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝር ለውጬ ነው የምነግራችሁ፤ ወደ እሳቸውም መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ንግግሬን በእሳቸው የጀመርኩት ለውበት ሲባል መርፌ መወጋት ለእኛ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች አሉን፤ እንሶስላ፣ ኩልና ወይባ ጢስ ያላወቀ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ «ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ብዬ ማንንም ለማሸማቀቅ አልቆምኩም፤ መርፌውን ለመሸጥም አልመጣሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ የምትወስኑበት ቀንና የምትወጉበት ቀን አንድ አይሁን። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በእነዚያ ሁለት ቀኖች መካከል ምን ማወቅና ምን ማሰብ እንደሚገባ ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን መርፌዎች፣ ቦቶክስንና ፊለርን፣ እንለይ፤ ብዙ ሰው ሁለቱንም «ቦቶክስ» እያለ ስለሚጠራ ስህተቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ቦቶክስ የአንድ ምርት የንግድ ስም ሲሆን፣ ዲስፖርትና ዜኦሚን የመሳሰሉ ሌሎችም አሉ። በሁሉም ውስጥ የሚሠራው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዝ የሚለውን ቃል ሆን ብዬ ተጠቅሜበታለሁ፤ ይህን ሸፍኖ የሚወጋችሁ ባለሙያ እውነቱን አልነገራችሁም፣ በዚህ ብቻ የሚያስፈራራችሁ ሰው ደግሞ ስለ መጠን አልነገራችሁም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፦ በ1895 በቤልጂየም፣ ኤልዜል በተባለች መንደር፣ ለቀብር የመጡ ሙዚቀኞች በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ በልተው ታመሙ፤ ከእነሱም ሦስቱ ሞቱ። ባክቴሪያውን ኤሚል ቫን ኤርመንገም የለየው ከዚያ አደጋ ተነሥቶ ነው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ አለን ስኮት የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም ያንኑ መርዝ እጅግ አሳንሶ የሚንሸዋረር ዓይንን ለማቅናት ተጠቀመበት፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ1989 ለዓይን መንሸዋረርና ለዐይን ሽፋን መኮማተር ፈቀደው። በቫንኩቨር የዓይን ሐኪሟ ጂን ካራዘርስ የዐይን ሽፋናቸው የሚኮማተርባቸውን ሰዎች ስታክም የቅንድብ መካከል መስመር መጥፋቱን አስተዋለች፤ ከቆዳ ሐኪሙ ባለቤቷ ከአላስቴር ካራዘርስ ጋርም ጉዳዩን አጥንታ አሳተመች። በአሜሪካ ለውበት የተፈቀደው በ2002 ሲሆን፣ የተፈቀደውም መጀመሪያ ለዚያችው ለቅንድብ መካከል ቦታ ብቻ ነበር።

የቦቶክስ አሠራር ቀላል ነው። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዝበት አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል እንዳይለቀቅ ያግዳል። ጡንቻው ስለሚያርፍ በላዩ ያለው ቆዳ አይታጠፍም። ለውጡ በጥቂት ቀናት ይጀምራል፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይሞላል፣ ከሦስት እስከ አራት ወር ከቆየ በኋላም ጡንቻው ይመለሳል። ፊለር ግን ጡንቻን አይነካም፤ የጎደለ ቦታ የሚሞላ ዝልግልግ ነገር ነው። በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ በገዛ ቆዳችን ውስጥም ያለ፣ ውሃ የሚይዝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በአንድ መርፌ ውስጥ ያለው አንድ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ነው። ይህን የምነግራችሁ በአንድ መርፌ ፊታቸው የሚለወጥ መስሏቸው የሚመጡ ስላሉ፣ እንዲሁም ስድስት ሰባት መርፌ በአንድ ቀን «ጥቅል» ብሎ የሚሸጥ ስላለ ነው።

አሁን ወደ መስታወት እንሂድ። በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ቁሙ እንጂ በስልክ ካሜራ አትመልከቱ፤ በቅርብ የተያዘ ስልክ አፍንጫን ያሰፋል፣ የፊትንም መጠን ያዛባል። ፊታችሁን አሳርፋችሁ እዩት፣ ከዚያም ተቆጡ፣ ቅንድባችሁን አንሡ፣ ሳቁ። መስመሩ ስትቆጡ ብቻ መጥቶ ሲያርፍ የሚጠፋ ከሆነ የጡንቻ ሥራ ነው፤ ቦቶክስ ይረዳው ይሆናል። ፊት አርፎም ተቀርጾ የሚታይ ከሆነ ሊለዝብ ይችላል፤ ይጠፋል ብሎ ቃል የሚገባላችሁን ግን አትመኑ። መስመር ሳይሆን ጥላ ከሆነ፣ ማለትም ጉንጭ ወርዶ ወይም ስብ ቀንሶ የተፈጠረ ጉድጓድ ከሆነ፣ ስለ ፊለር መነጋገር ይቻላል። ያስጨነቃችሁ የቀለም ነገር ከሆነ ግን ከሁለቱም መርፌዎች አንዱም አይነካውም።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ላስረዝመው፤ የእኛ ሰው በብዛት የሚመጣበት ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ነው። ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም የበዛበት ቆዳ ከፀሐይ ጉዳት በከፊል ስለሚጠበቅ ቀጫጭን መስመሮች ዘግይተው ነው የሚወጡበት። በእኛ ፊት ዕድሜ ቀድሞ የሚናገረው በማድያት፣ በብጉር ጠባሳ ጥቁረትና ከዓይን ሥር በሚታይ ጥላ ነው። ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረት በዘር የመጣ ቀለም ከሆነ፣ እዚያ ፊለር መጨመር ቀለሙን ትቶ እብጠት ብቻ ያተርፋል። ለማድያት የሚበጀው የዕለት ተዕለት ፀሐይ መከላከያ ነው፤ በተለይ አይረን ኦክሳይድ የተቀላቀለበት፣ ቀለም ያለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ማድያትን የሚያብሰው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። በአንጻሩ ከአገር ቤትም ሆነ ከዚህ ሱቅ ያለ ማዘዣ የሚገዛ፣ ኃይለኛ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጫ ቅባት ቆዳን ይጎዳል፤ ስቴሮይዱም ያሳሳዋል። በእንዲህ ያለ ቅባት በሳሳ ቆዳ ላይ መርፌ ከመጨመር በፊት ቅባቱን በሐኪም ክትትል ማቆም ይቀድማል። አንዲት ወጣት መርፌ ፈልጋ መጥታ ፀሐይ መከላከያ ይዛ ስትመለስ፣ ሥራዬን በደንብ ሠራሁ ብዬ አስባለሁ።

ጡንቻን ለማሳረፍ የምታስቡ ደግሞ ፊታችሁ ለእናንተ ምን እንደሚሠራላችሁ አስቡ። በእኛ ዘንድ ፊት ይነበባል። ለቅሶ ቤት ስንገባ ከአፋችን ቀድሞ የሚናገረው ቅንድባችን ነው፤ ልጅ ስናርምም አብዛኛውን ጊዜ ዓይናችን ይበቃል። አንድ ጊዜ አንዲት እህት «ሰው ሲሞትብኝ ፊቴ ሐዘኔን ባያሳይ ምን እባላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ እጅግ ትክክለኛው ነበር እላለሁ። መልሱ በመጠንና በቦታ ላይ የተመሠረተ ነው። ለቅንድብ መካከል የተለመደው የቦቶክስ መጠን 20 ዩኒት፣ በአምስት ቦታ ተከፋፍሎ ነው፤ ሐኪምና ታካሚ ተስማምተው በአነስተኛ መጠን መጀመር ይችላሉ። ግንባር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ዕድሜያቸው የገፋና የላይኛው የዐይን ሽፋናቸው የከበደባቸው ብዙ ሰዎች ሳያውቁት በግንባራቸው ጡንቻ እየጎተቱ ነው ዓይናቸውን የሚከፍቱት። ያ ጡንቻ ሲያርፍ ቅንድብ ይወርዳል፣ ዓይን ይከብዳል፣ ሰውየውም «ደከመኝ» እያለ ይመጣል። ስለዚህ ቅንድባችሁን በጣታችሁ ሳትይዙ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትከፍቱ ግንባራችሁ አብሮ የሚነሣ ከሆነ፣ ለሚወጋችሁ ሰው ንገሩ፤ እሱም ሳትነግሩት ሊያየው ይገባል።

የጉዳት ነገር ሲነሣ ሁለቱ መርፌዎች እኩል አይደሉም። ከቦቶክስ በኋላ የሚታየው አብዛኛው ችግር፣ ማለትም መበለዝ፣ ራስ ምታት፣ የዐይን ሽፋን መውደቅ፣ በጊዜ የሚያልፍ ነው። ለ2002ቱ ፈቃድ መሠረት በሆኑት ጥናቶች የዐይን ሽፋን መውደቅ ከመቶ ሰዎች በሦስቱ ገደማ ታይቷል፤ ይህም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ይሁን እንጂ መርዙ ከተወጋበት ቦታ ርቆ ሊሠራ ስለሚችል፣ ከመርፌው በኋላ በሰዓታትም ሆነ በሳምንታት ውስጥ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ያስቸገረው፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የታየው ሰው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ፊለር ላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዝልግልጉ በስህተት ወደ ደም ሥር ከገባ ወይም የደም ሥርን ከተጫነ፣ ያ የደም ሥር የሚመግበው ቆዳ ይሞታል። የፊት የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥሮች ጋር ስለሚገናኙም፣ በተለይ በቅንድብ መካከል፣ በአፍንጫ፣ በግንባርና ከአፍንጫ ጎን ባለው እጥፋት አካባቢ ሲወጋ ዓይን እስከመታወር ሊደርስ ይችላል። ይህ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ አደጋ ነው፤ ሲደርስ ግን ደቂቃዎች ይቆጠራሉ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሆነ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ማቅለጥ ይቻላል፤ እንደ ካልሲየም ሃይድሮክሲልአፓታይት ወይም ፖሊ ላክቲክ አሲድ ላሉት ሌሎች ፊለሮች ግን እንዲህ ያለ ማቅለጫ የለም። ፈሳሽ ሲሊኮን ለፊት መሙያነት ጨርሶ ያልተፈቀደ ሲሆን፣ አንዴ ከገባ ማውጣቱ እጅግ ከባድ ነው። ለእኛ ቆዳ የሚያስፈልግ አንድ ማሳሰቢያም አለ፦ የደም ሥር መዘጋት ምልክት ተብሎ የሚነገረው የቆዳ መንጣት በጠቆረ ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ከመርፌው ጋር የማይመጣጠን ኃይለኛ ሕመምን፣ የቆዳ መቀዝቀዝን፣ ዥጉርጉር ቀለምን፣ ተጭነው ሲለቁት ደም ቶሎ አለመመለሱን ተከታተሉ፤ የዓይን ብዥታ ከመጣ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። ከመወጋታችሁ በፊት ለባለሙያው «ሃያሉሮኒዴዝ እዚህ ክፍል ውስጥ አለ? ዛሬ ሌሊት ችግር ቢገጥመኝ ስልክ የሚያነሣልኝ ማን ነው?» በሉት። ጥያቄው ያስቀየመው ባለሙያ መልስ ሰጥቷችኋል።

የቦታው ጉዳይም ከዚህ አይለይም። በ2024 የጸደይ ወራት የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሐሰተኛ ወይም አያያዙ የተበላሸ የቦቱሊነም መርፌ ተወግተው የታመሙ በ11 ግዛቶች የሚኖሩ 22 ሰዎችን መዝግቧል፤ ግማሾቹ ሆስፒታል ተኝተዋል። የተወጉት ፈቃድ በሌላቸው ወይም ባልሠለጠኑ ሰዎች፣ አለዚያም እንደ መኖሪያ ቤትና ስፓ ባሉ ቦታዎች ነበር። ይህን ስትሰሙ የሚታሰባችሁ ፊት እንዳለ አውቃለሁ፤ እሁድ እሁድ በሳሎኗ ወይም በቤቷ ሰዎችን የምትወጋ፣ «ከዱባይ ያመጣሁት ነው» የምትል የምትወደድ እህት። ክፋት ላይኖርባት ይችላል። ነገር ግን ያልተከፈተ የቦቶክስ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በሻንጣ ተጭኖ እዚህም ሆነ አዲስ አበባ የደረሰ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ ሲመጣ በከረመ ፍሪጅ ያደረ መድኃኒት ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ያለ መርፌ በግፊት ፊለር ወደ ከንፈር የሚያስገቡ እስክሪብቶ መሰል መሣሪያዎችንም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 አስጠንቅቆባቸዋል፤ በኢንተርኔት ገዝታችሁ በራሳችሁ ላይ አትሞክሩ።

መርፌውን መወጋት የሌለባቸው ወይም መዘግየት ያለባቸው ሰዎች አሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ትጠብቅ። ማያስቴኒያ ግራቪስን የመሰለ የነርቭና የጡንቻ በሽታ ያለበት ሰው ቦቶክስን ለውበት አይውሰድ። ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እየተወጋ ያለ ሰው ይንገር፤ ያ መድኃኒት የቦቶክስን ኃይል ያበረታል። ከንፈሩን ምች የሚመታው ሰው የከንፈር መርፌ ሊቀሰቅስበት ስለሚችል አስቀድሞ የመከላከያ መድኃኒት ይወስዳል። ቁስሉ ከወሰኑ አልፎ እያበጠ ኬሎይድ የሚሆንበትም ታሪኩን ይናገር። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መበለዝ ይበዛበታል፤ ለልብ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ለውበት ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቁም። ስለ ሃይማኖት የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ፍርዱን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለሼኻችሁ ትቼ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ፦ ቦቶክስ ውስጥ ከሰው ደም የተገኘ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን አለ፤ ዛሬ የሚሠራበት አብዛኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ደግሞ ከእንስሳ ሳይሆን በባክቴሪያ ማብላላት የሚገኝ ነው።

ስለ ገንዘብ በግልጽ እናውራ። ለውበት የሚደረገውን ኢንሹራንስ አይከፍልም። እዚህ አካባቢ አንድ ዩኒት ቦቶክስ 15 ዶላር ቢሆን፣ 20 ዩኒት 300 ዶላር ይሆናል፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ቢደረግ 900፣ በአሥር ዓመት 9,000 ዶላር ነው። ለብዙዎቻችን ይህ ገንዘብ አገር ቤት የሚጠብቀው ሰው አለ። ይህን የምለው ለማሳፈር አይደለም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው። ግን የአንዱን ቀን ዋጋ ሳይሆን የአሥሩን ዓመት አይታችሁ ወስኑ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ፍላጎቱ የማን እንደሆነ ነው። ባሏ «ከንፈርሽ ቀጠነ» ያላት፣ ጓደኞቿ ሁሉ ስላደረጉ የመጣች፣ ከፍቺ ወይም ከሐዘን በኋላ በሳምንት ውስጥ የመጣች ሴት ስታጋጥመኝ አልወጋም፤ ሌላ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ሌላው ሰው የማያየውን ጉድለት በቀን ለሰዓታት በመስታወት የሚያይ፣ በዚያም ምክንያት ከሰው የሸሸ ወጣት ሲመጣ ደግሞ የሚያስፈልገው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፤ መርፌው ጭንቀቱን ወደ ሌላ የፊት ክፍል ያዛውረው ይሆናል እንጂ አያሽረውም። ለልጆቻችሁም ይህን ንገሩልኝ፦ በአሜሪካ የተፈቀዱት ፊለሮች በአጠቃላይ ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፤ እንግሊዝም ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ለውበት ቦቶክስ ወይም ፊለር መውጋትን በሕግ ከልክላለች።

ሆኖም ፍላጎት ሁሉ ከንቱነት ነው የሚሉትን አጥብቄ እቃወማለሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት አገራችን መዳረስ በጀመረባቸው ዓመታት በሰፊው ከተሰጡት አንዱ ስታቩዲን ነበር። ሕይወት አተረፈ፤ ነገር ግን የጉንጭን ስብ እያጠፋ ፊትን አጎደጎደ፤ ሰው ምስጢሩን በፊቱ ተሸክሞ እንዲዞር አደረገው። ፖሊ ላክቲክ አሲድ የተባለው ፊለር በአሜሪካ በ2004 በመጀመሪያ የተፈቀደው ለእንዲህ ዓይነት ፊት ነበር። ጎረቤቱ ሳይጠቋቆምበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ለመሄድ ጉንጩን የሚያስሞላን ሰው ከንቱ የምትሉ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት ከእሱ ጋር ተቀመጡ።

ወደ መጀመሪያዋ እናት ልመለስ። የልጃቸው ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ለውጡ ለሠርጉ እንደሚደርስ፣ ነገር ግን እሳቸው ከመቶ ሦስቱ አንዷ ቢሆኑ የዐይን ሽፋናቸው ወርዶ በሠርጉ ፎቶ ሁሉ እንደሚታይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ያለበትም ከድግስ ርቆ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያውስ ይደር» ብለው ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ የሠርጉን ፎቶዎች ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጓቸው። በአንደኛው ልጃቸውን ሲመርቁ እንባቸው ይወርዳል፤ መስመሮቹ ጎልተው ይታያሉ። «ይህቺን አትንካብኝ፣ ይህቺ እኔ ነኝ» አሉ። በሌላው ከዘመዶች ጋር ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ማንም ያላስቀየማቸው ሴት በቁጣ የምትመለከት ትመስላለች። «ያልኩህ ይህቺን ነው ዶክተር። እዚህ አልተቆጣሁም ነበር።» ግንባራቸውን ሳንነካ፣ በቅንድብ መካከል ብቻ፣ ከተለመደው መጠን አሳንሰን ወጋናቸው። ሲወጡ ለአራት ወር ቀጠሮ ልያዝልዎት ወይ ስላቸው፣ «እስኪ መጀመሪያ ሲለቀኝ ፊቴን ልየው» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ።